መርሰዲስ ኢ-ክላስ ደብሊው 211፦ አሮጌውን ከመግዛት በፊት ምኑ፣ በምን ተራ ይታያል?

ከ2002 እስከ 2009 የተመረተው የመርሰዲስ ኢ-ክላስ በመካኒኮች ዘንድ ደብሊው 211 ይባላል (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ስለዚህ መኪና ሁለት ሰው ቢጠይቁ አንዱ «ሞተሩ አይሞትም» ይላል፣ ሌላው «ቤት ያሸጣል» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም፤ የነዱት የተለያየ መኪና ነው። በአንድ ቆርቆሮ ስር በርካታ ዓይነት ሞተር፣ ሁለት ዓይነት አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ ሁለት ዓይነት ፍሬንና ሁለት ዓይነት ሞላ አለ። አንዱ ጥምረት ዘይት እየቀየሩ ዓመታት የሚነዱት ነው። ሌላው ሞተር የሚያስወርድ ጥገና ተሸክሞ በንጹሕ ቀለም ይሸጣል። ስለዚህ ምርመራው ከቆዳ ወንበሩና ከኪሎ ሜትሩ ሳይሆን ከቁጥር ይጀምር።

መኪናውን ከማየት በፊት

ከሻጩ መጀመሪያ የሚጠየቀው ባለ 17 ፊደልና አሃዝ የሻንሲ ቁጥር ነው። አሜሪካ ያሉ ገዢዎች ይህን ቁጥር በብሔራዊው የመንገድ ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር ድረ ገጽ ላይ ሲያስገቡ ያልተፈጸመ የፋብሪካ ጥሪ (ፋብሪካው ጉድለት ለማስተካከል መኪናውን መልሱ ያለበት) ካለ በነጻ ያያሉ። በጣሪያ መስኮት ላይ ያለውን ጥሪ በተለይ ይፈልጉ፤ ማጣበቂያው ደክሞ መስታወቱ እየተነዱ ሊነቀል ስለሚችል ፋብሪካው ከ2001 እስከ 2011 ያሉ ሞዴሎቹን ጠርቷል፣ ኢ-ክላስም አለበት።

ቀጥሎ የሞተሩ ዓይነት ነው። በፖርታ ባጋልዮው ክዳን ላይ የተለጠፈው ቁጥር ሊቀየር ስለሚችል በሊብሬው ወይም በሻንሲ ቁጥሩ ያረጋግጡ። በሰፊው የሚገኙት እነዚህ ናቸው፦

ከ2003 እስከ 2005 ያለው ኢ 320፣ ኤም 112 ቪ6 ሞተር። በአንድ ሲሊንደር ሦስት ቫልቭና ሁለት ካንዴላ አለው፤ ቀላልና ጠንካራ ነው። በዚያው ዘመን ያለው ኢ 500 ደግሞ የዚሁ ሞተር ታላቅ ወንድም የሆነውን ኤም 113 ቪ8 ይዟል። ነዳጅ ይጠጣል እንጂ እሱም ከዚህ ቤተሰብ ምርጦች አንዱ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ኢ 350፣ ኤም 272 ቪ6 ሞተር። ኃይሉ የተሻለ ነው፣ ነገር ግን የዚህን መኪና ስም ያጠፋው ዋናው ችግር ያለው እዚህ ነው። ከ2006 ማሻሻያ በኋላ ያለው ቪ8 (አሜሪካ ኢ 550 የሚባለው) ኤም 273 ሲሆን የዚያው ችግር ዘመድ አለበት።

በአውሮፓ በብዛት የተሸጠው ኢ 200 ኮምፕረሰር ደግሞ ባለ 1.8 ሊትር ኤም 271 ነው። የጊዜ ካቴናው ይለጠጣል፣ የካምሻፍት ማርሾቹም ጥርሳቸው ይበላል። ጠዋት ሲነሳ የሚንኳኳ ከሆነ ካቴናውና ሁለቱም ማርሾች አብረው ይቀየራሉ፤ ካቴናውን ብቻ መቀየር የድሮው ጥርስ አዲሱን እንዲበላው መፍቀድ ነው።

የኢ 350 ሞተር ቁጥር፦ ይህ ሳይታይ ዋጋ አይነገርም

ኤም 272 ሞተር ንዝረትን የሚያጠፋ ባላንስ ሻፍት በብሎኩ ውስጥ አለው። የሻፍቱን ጥርስ የሚያዞረው የጊዜ ካቴናው ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሠራው ጥርስ ብረቱ በቂ ጥንካሬ ስለሌለው ያለጊዜው ያልቃል። ጥርሱ ሲያልቅ ካቴናው ይላላል፣ የካምሻፍቱ ጊዜም ከክራንክሻፍቱ ጋር መገጣጠም ያቅተዋል። የሞተር መብራት ይበራል፣ ኮምፒውተሩ ከፒ0016 እስከ ፒ0019 ያሉትን ኮዶች ወይም የመርሰዲስን የራሱን 1200 እና 1208 ያሳያል። ጥርሱ የሻፍቱ አካል ስለሆነ ለብቻው አይቀየርም፤ ሞተሩ ወርዶ፣ ተፈትቶ፣ ሻፍቱ በሙሉ ነው የሚቀየረው። ክፍሉ ራሱ ውድ አይደለም፤ ገንዘቡን የሚበላው የእጅ ዋጋው ነው።

የሞተሩ ቁጥር በ2729 ይጀምራል፣ ሁለት አሃዝ ተከትለውት 30 ይመጣል፣ ከዚያም ባለ ስድስት አሃዝ ተራ ቁጥር አለ። ተራ ቁጥሩ እስከ 468993 ከሆነ ሞተሩ በችግሩ ውስጥ ካሉት ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ የተሻሻለው ጥርስ አለው። በቪ8ው ኤም 273 ደግሞ ባላንስ ሻፍት ባይኖርም ካቴናውን የሚመራው መካከለኛ ማርሽ በተመሳሳይ ምክንያት ያልቃል፤ እዚያ ወሰኑ 088611 ነው። ቁጥሩ በብሎኩ የኋላ ክፍል ላይ ስለተመታ ከላይ በባትሪ መብራት ማንበብ ያስቸግራል። የመርሰዲስ ወኪል በሻንሲ ቁጥሩ የመኪናውን መረጃ ካርድ ሲያትም የሞተሩ ቁጥር አብሮ ይወጣል፤ አድካሚ ያልሆነው መንገድ ይህ ነው።

ቁጥሩ ወሰን ውስጥ ነው ማለት ጥርሱ አልቋል ማለት አይደለም። ጥሩ መካኒክ እንዲህ ያረጋግጣል፦ በቴስታታዎቹ (በሲሊንደሮቹ ክዳኖች) ፊት ላይ ያሉትን የካምሻፍት ሴንሰሮች ይፈታል፣ ክራንክሻፍቱን በእጅ አዙሮ ፑሌጂያው ላይ 305 ዲግሪ የሚለው ምልክት ላይ ያቆማል፣ ከዚያም በሴንሰሮቹ ቀዳዳ ያያል። በካምሻፍቱ መዘውር ላይ ያለው ምልክት በቀዳዳው መሐል ከታየ ጊዜው ልክ ነው። ወደ ጠርዝ ከሸሸ ካቴናው ዘግይቷል። ሻጩ «ኮዱን አጥፍቼዋለሁ» ካለ ይህ ፍተሻ ሳይደረግ አይግዙ።

የኤም 272 ሌላው ድክመት ሞተር አያስወርድም፤ በአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ፊት ለፊት ያለች የፕላስቲክ ማንሻ ትሰበራለች፣ ፒ2004 እና ፒ2006 የመሰሉ ኮዶች ይወጣሉ፣ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ኃይል ያጣል። ብዙ ጋራዥ ማኒፎልዱን በሙሉ ይቀይራል፤ ጉዳቱ ማንሻዋ ላይ ብቻ ከሆነ ግን የአሉሚኒየም መጠገኛ ኪት ይበቃል።

ፍሬኑ የትኛው ነው?

ኮፋኖውን ይክፈቱና በሹፌሩ ፊት ለፊት ያለውን የሞተር ክፍል ግድግዳ ይመልከቱ። ትልቅ፣ ክብ፣ ጥቁር የፍሬን ሰርቮ ካለ መኪናው ከ2006 አጋማሽ ማሻሻያ በኋላ የተሠራ ነው፤ ይህን ክፍል ዘልለው ይሂዱ። ከሌለ ኤስቢሲ የሚባለው የኤሌክትሪክ ፍሬን ነው ያለው።

ኤስቢሲ ላይ ፔዳሉ በመደበኛ ጊዜ ለኮምፒውተር ምልክት ሰጪ ነው። ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው የኤሌክትሪክ ፖምፓና ግፊት የሚያጠራቅም ታንክ ያለው ክፍል ነው። ስርዓቱ ሲወድቅ በፔዳሉ የሚመጣው ግፊት ለፊት ጎማዎች ብቻ ይደርሳል፣ ፔዳሉም ጥልቅና ከባድ ይሆናል። መኪናው ይቆማል፣ ግን ያልጠበቀ ሹፌር ይደነግጣል። መርሰዲስ በ2004 እና በ2005 በዚህ ምክንያት ሰፊ ጥሪ አድርጓል፣ በማሻሻያውም ኢ-ክላስ ላይ ትቶታል።

ክፍሉ ፍሬን የተረገጠበትን ብዛት ይቆጥራል። የተወሰነለት ዕድሜ ወደ 300,000 መርገጥ ነው። ሲደርስ ፖምፓው ጤነኛ ቢሆን እንኳ «የአገልግሎት ዘመን አልቋል» የሚል ሲ249ኤፍ ኮድ ይመዘገባል፣ ዳሽቦርዱም ወደ ጋራዥ ይልካል። ስለዚህ ከተማ ውስጥ በመጨናነቅ የተነዳ መኪና በትንሽ ኪሎ ሜትር ቶሎ ይሞላል። ስታር በሚባለው የመርሰዲስ የራሱ የኮምፒውተር መመርመሪያ ቆጠራው ይነበባል፤ ከመግዛትዎ በፊት ያስነብቡት። አሜሪካ ውስጥ መርሰዲስ ለዚህ ክፍል ዋስትናውን በኪሎ ሜትር ሳይገድብ ወደ 25 ዓመት ስላራዘመው፣ ሌላ ጋራዥ ከመክፈልዎ በፊት ወኪሉን በሻንሲ ቁጥሩ ይጠይቁ። ቆጣሪውን ወደ ዜሮ የሚመልሱ አሉ። ቁጥሩ ይመለሳል፣ ያረጀው ፖምፓ ግን ያው ነው፤ ፍሬን ላይ የሚቆጠብ ገንዘብ የለም።

በጆሮም ይታወቃል። በሩ ሲከፈት ለአፍታ «ዝዝ» ብሎ መቆም ጤናማ ነው። ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ፖምፓው የሚነሳ ከሆነ ግፊት የሚያጠራቅመው ታንክ ደክሟል።

የፍሬን ሸራ የሚቀይር ሰው ይህን ይወቅ፦ ኤስቢሲ በር ሲከፈት፣ ቁልፉ በርቀት ሲጫን ወይም ቁልፉ ሲዞር በራሱ ይነቃና ፒስተኖቹን በከፍተኛ ግፊት ይገፋል። ጣት በመካከል ካለ ይጨፈልቃል። ካሊፐሩ ከመከፈቱ በፊት ስርዓቱ በስታር መመርመሪያ መተኛት አለበት። መሣሪያው የሌለው ጋራዥ ይህን ፍሬን አይንካ።

ካምቢዮ

ኢ 320 ባለ አምስት ማርሽ 722.6 ካምቢዮ አለው። ከ2004 ገደማ ጀምሮ ኢ 500፣ በኋላም ኢ 350 ባለ ሰባት ማርሽ 722.9 ተሰጣቸው። አራቱንም ጎማ የሚነዱት (ባለ 4ማቲክ) ግን እስከ መጨረሻው በአምስት ማርሽ ቀርተዋል፣ ለገዢ ይህ ጥሩ ዜና ነው።

የአምስት ማርሹ በሽታ በአብዛኛው ኤሌክትሪክ ነው። በካምቢዮው ጎን ያለው የ13 ሽቦ ሶኬት የጎማ ቀለበቱ ሲደርቅ ዘይት ያሳልፋል። ዘይቱ በሽቦዎቹ ውስጥ እየተሳበ እስከ ካምቢዮው ኮምፒውተር ይደርሳል። ከዘይት ማጠራቀሚያው በላይ ያለው የፍጥነት ሴንሰር የያዘው ሳህንም ሲያረጅ ካምቢዮው ሁለተኛ ማርሽ ላይ ተቸንክሮ ይቀራል፤ ሞተሩን አጥፍተው ሲያስነሱ ለጊዜው ይለቃል። «ካምቢዮው ሞቷል» ተብሎ ርካሽ የሚሸጥ መኪና አንዳንዴ የሚፈልገው ይህን ሳህን፣ ሶኬቱንና አዲስ ዘይት ብቻ ነው። ይሁንና በኮድ ሳይረጋገጥ በዚህ ተስፋ አይገዛም።

ከሁሉ የከፋው ከካምቢዮው ውጭ ያለ ነው። የካምቢዮ ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ ነው። በ2003 መኪኖች ላይ የተገጠሙ የቫሌዮ ራዲያተሮች በመጋጠሚያው ዝገው የራዲያተር ውኃ ወደ ካምቢዮ ዘይት ያስገባሉ። በራዲያተር ፈሳሽ ውስጥ ካለው ግላይኮል ትንሽ እንኳ የፍሪክሲዮኖቹን ሽፋን ያበላሻል፤ መኪናው በለስላሳ ቤንዚን (ፔዳሉ በቀስታ ተረግጦ) በሰዓት ከ50 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ጠጠር መንገድ ላይ እንዳለ ይንቀጠቀጣል። የራዲያተሩን ምልክት ከላይ ያንብቡ፤ ቫሌዮ ከሆነና መኪናው ገና ካልተንቀጠቀጠ፣ በገዙ ሳምንት ቤህር በሚባለው ምርት ይቀይሩት። መንቀጥቀጡ ካለ ደግሞ ዘይቱ ለግላይኮል ይመርመር። ከተገኘበት ይተዉት።

«የካምቢዮው ዘይት ለዕድሜ ልክ ነው» የሚለውን ይርሱት። በየ60,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት፣ ፊልትሮና የማጠራቀሚያው ጓርኒሲዮን መቀየር አለባቸው። የሚገባው የኤምቢ 236.14 ደረጃ ያለው ቀዩ ዘይት ነው፤ ለኋለኞቹ ካምቢዮዎች የወጣው ሰማያዊው 236.15 እዚህ አይገባም። በአምስት ማርሹ ላይ የዘይት መለኪያ ዱላ የለም፣ ቱቦው ብቻ ነው ያለው፤ መካኒኩ የራሱን ዱላ አስገብቶ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ፒ ላይ ሆኖ፣ ዘይቱ 80 ዲግሪ ሲደርስ ይለካል። ሰባት ማርሹ ከስር በሚፈስ መሙያ ነው የሚለካው፣ እዚያ ሙቀቱ 45 ዲግሪ ነው። በቀዝቃዛ የሚለካ ጋራዥ ካዩ ይውጡ።

ጠዋት፣ ሳይነሳ

መኪናውን ማየት ያለብዎት ቢያንስ አንድ ሌሊት ከቆመ በኋላ ነው። ሻጩ አሙቆ ከጠበቀዎት ሌላ ቀን ይምጡ።

መጀመሪያ ቁመቱን ያያሉ። ኢ 500 እና አንዳንድ ሌሎቹ ኤርማቲክ የሚባል የአየር ሞላ አላቸው። በደልዳላ ቦታ ላይ አራቱንም ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሜትር ይለኩ። ግራና ቀኙ የሚለያይ ወይም አንዱ ጥግ የሰመጠ ከሆነ አየር ይወጣል። በሳሙና ውኃ ሲረጭ አረፋው ቀዳዳውን ያሳያል። ሌሊት ሙሉ የሚያፈስ ሞላ ኮምፕረሰሩን ጠዋት ጠዋት አብዝቶ ስለሚያሠራው ያቃጥለዋል፤ ኮምፕረሰር ሲቀየርም ሪሌው አብሮ ይቀየራል፣ የተጣበቀ ሪሌ አዲሱንም ያቃጥላልና። ከአየር ወደ ብረት ሞላ የተቀየረ መኪና ካጋጠመዎ በዳሽቦርዱ ላይ የቀረ ማስጠንቀቂያ እንዳለ ይፈትሹ።

ከዚያ ኮፋኖውን ከፍተው ጆሮ እየሰጡ ያስነሱ። ኤም 112 እና ኤም 113 ወዲያው ጸጥ ማለት አለባቸው። ከኋላ በኩል ያለው የትንፋሽ ክዳንና የቫልቭ ክዳኑ ጓርኒሲዮን ዘይት ያልባሉ፤ ዘይቱ ጭስ ማውጫ ላይ ሲወርድ የሚቃጠል ሽታ ወደ ውስጥ ይገባል። ርካሽ ጥገና ነው፣ ዋጋ ለመቀነሻ ግን ጥሩ ምክንያት ነው። ፊት ያለውን የክራንክሻፍት ፑሌጂያ ከጎን ይመልከቱ፤ በመካከሉ ያለው ጎማ ከተሰነጠቀና ፑሌጂያው ከተወላገደ ሳይውል ሳያድር ይቀየር፣ ሲነቀል የሞተሩን ፊት ይበላል።

ሞተሩ ሲሞቅ ድንገት የሚጠፋና ሲቀዘቅዝ የሚነሳ ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የክራንክሻፍት ሴንሰሩ ነው። በሞተሩ የኋላ ግራ በአንድ ኢ8 ቡሎን የታሰረ ትንሽ ክፍል ነው። ብዙ ሰው ግን የቤንዚን ፖምፓ ቀይሮ ነው እዚህ የሚደርሰው።

ናፍጣ ለሚፈልግ፦ ኦኤም 648 የሚባለው ስድስት በመስመር ያለው የኢ 320 ሲዲአይ ሞተር ከሁሉም የሚመረጥ ነው። የኢንጀክተሮቹን ሥር ይመልከቱ፤ ቅጥራን የመሰለ ጥቁር ነገር ከከበባቸው የመዳብ ማሸጊያው ለቋል፣ እየቆየ በሄደ ቁጥርም ኢንጀክተሩን ማውጣት ይከብዳል። ቪ6 የሆነው ኦኤም 642 በሁለቱ ቴስታታዎች መሐል ያለው የዘይት ማቀዝቀዣ ማሸጊያው ያፈሳል። ዘይቱ በካምቢዮው መጋጠሚያ ስለሚወርድ የኋላ ማሸጊያ ይመስላል፤ በስሕተት ካምቢዮ ከማስወረድዎ በፊት ከላይ በመስታወት ይታይ። የማሸጊያዎቹ ዋጋ ቀላል ነው፣ ለመድረስ ግን ቱርቦና ማኒፎልድ ይወርዳሉ። የድሮው ብርቱካናማ ማሸጊያ በሐምራዊው ተሻሽሏል፤ ብርቱካናማ ይዞ የመጣ መካኒክ ይመልሰው።

መብራትና ባትሪ

ከ2006 በፊት ያሉት ሁለት ባትሪ አላቸው፤ ትልቁ ከፖርታ ባጋልዮው ወለል ስር፣ ትንሹ በሞተር ክፍሉ። ዳሽቦርዱ የምቾት አገልግሎቶች ለጊዜው አይሠሩም የሚል ጽሑፍ ካወጣ ከአንዱ ባትሪ ጋር የተያያዘ ነው። ትልቁ ባትሪ ሲደክም ኤስቢሲንም ያሳስታል፤ ስለዚህ ፍሬኑን ከመጠርጠር በፊት ቮልቱ ይለካ። የፖርታ ባጋልዮውን ምንጣፍ ያንሱና ወለሉን በእጅ ይዳስሱ። እርጥበት ካለ ከኋላ መብራቶቹ ጎማ የገባ ውኃ ነው፤ እዚያ ያለው የፊውዝና የመቆጣጠሪያ ሳጥን ሲርስ የማይገናኙ የሚመስሉ ነገሮች፣ የኋላ መብራት፣ የነዳጅ ፖምፓ፣ ማዕከላዊ ቁልፍ፣ በአንድ ጊዜ ይታመማሉ።

ባትሪ ከተቀየረ በኋላ የኢኤስፒ (መኪናው እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠረው ስርዓት) መብራት ቢበራ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማዞር ያጠፋዋል። መስኮቶቹም ሙሉ በሙሉ ከተዘጉ በኋላ ማብሪያውን ለአፍታ ወደ ላይ ይዞ መቆየት ይበቃል። ለዚህ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ አይክፈሉ።

ኮምፒውተር ማስገባትና መንዳት

ኮድ የሌለበት መኪና ሁሉ ጤነኛ አይደለም። ሻጩ ጠዋት ኮዱን አጥፍቶ ሊሆን ይችላል። ርካሽ የሆነ የኦቢዲ ማንበቢያ እንኳ የራስ ፍተሻዎቹ ተጠናቀው እንደሆነ ያሳያል፤ ብዙዎቹ «አልተጠናቀቀም» ካሉ ኮዱ በቅርቡ ነው የጠፋው። መኪናው ለቀናት ተነድቶ እንደገና ይነበብ።

ሲነዱ በቅደም ተከተል፦ በከተማ በለስላሳ ቤንዚን፣ ማርሾቹ ሲቀያየሩ መንቀጥቀጥና መዘግየት ካለ ለማስተዋል። ከዚያ ጠጠር ወይም ጉድጓድ ያለበት መንገድ፣ የፊት ክንዶቹና ቦል ጆይንቶቹ እንዳይንኳኩ፤ እነዚህ የሚያልቁ ዕቃዎች ስለሆኑ ግራና ቀኙ ጥንድ ሆነው ይቀየራሉ። ቀጥሎ አውራ ጎዳና፣ ከ80 በላይ በመቀመጫው ስር የሚሰማ ንዝረት የካርዳን ሻፍቱ የጎማ ዲስኮች ወይም መሐል ኩሽኔታው ነው። መጨረሻ ላይ ማርሹን ዲ ላይ አድርገው ፍሬን ይያዙ፣ ሞተሩ ወንበሩን ቢያንቀጠቅጥ የሞተር ጎማዎቹ ዘይታቸው ፈስሷል።

አዲስ አበባ ለሚገዛ ሰው አንድ ነገር ይጨመር። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ማስገባት በ2024 ከተከለከለ ወዲህ ያሉት አሮጌ መኪኖች ናቸው የሚዞሩት፣ ዕቃውም ብዙ ጊዜ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ሆኖ ይመጣል። ያገለገለ በር፣ መስታወት፣ ወንበር ይግዙ። ያገለገለ የኤስቢሲ ክፍል፣ የአየር ሞላና የካምቢዮ ሳህን ግን የሌላ ሰው ችግር ስለሆኑ አይግዙ። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የመጣ መኪና ከሆነ ዝገት አይፈሩ፣ ይልቅ ሙቀት የሚበላቸውን ይጫኑና ይሳቡ፦ የራዲያተር ጎማዎች፣ የማስፋፊያ ታንኩ፣ የሞላ ጎማዎች።

ከገዙ በኋላ

በመጀመሪያው ሁለት ሳምንት የሚከተለው ይሠራል። የሞተር ዘይት፣ ለቪ6ና ለቪ8 የቤንዚን ሞተሮች ወደ 8 ሊትር፣ የኤምቢ 229.5 ደረጃ ያለው፣ ከፊልትሮው ጋር። ካምቢዮው ከላይ እንደተባለው። የፍሬን ዘይት፣ በየሁለት ዓመቱ፣ ኤስቢሲ ካለው በስታር መመርመሪያ ታግዞ ይነፈሳል። የራዲያተር ፈሳሽ፣ የመርሰዲሱ ሰማያዊ ዓይነት ከተጣራ ውኃ ጋር እኩል ተቀላቅሎ፤ አረንጓዴ ማንኛውንም አይጨምሩበት። ካንዴላ ሲገዙ ቁጥሩን አይሳሳቱ፦ ኤም 112 አሥራ ሁለት፣ ኤም 113 አሥራ ስድስት፣ ኤም 272 ስድስት ነው የሚፈልጉት። መካኒኩ ለኢ 320 ስድስት ካንዴላ ብቻ ካስገዛዎት ሌሎቹ ስድስቱ ሳይነኩ ቀርተዋል ማለት ነው።